በስውር የሚሠራው እጅ፦ ስለ ሕዋስ መከፋፈልና ስለ ልጆቻችን ክብር



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ከቁጥር 26 እስከ 29 ስለ አንድ ገበሬ ይነግረናል። ገበሬው ዘሩን በትኖ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ቀኑ እየመሸ፣ ሌሊቱ እየነጋ ይሄዳል። በአፈር ውስጥ የሚካሄደውን ሥራ ገበሬው አያየውም፤ አይመራውምም፤ አዝመራው ግን ጊዜውን ጠብቆ ይደርሳል። ምሳሌው የተነገረው ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ነው። ሆኖም ጌታ የወሰደው ሁላችንም ከምናውቀው ነገር ነው። በሐምሌ የተዘራው ጤፍ በኅዳር ሲታጨድ፣ በመካከሉ ያለውን ሥራ የሠራው የገበሬው እጅ እንዳልሆነ ገበሬው ራሱ ከማንም ይበልጥ ያውቃል።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን በስውር የሚካሄድ ሥራ፣ ይኸውም ሕያዋን ሕዋሳት እንዴት እንደሚከፋፈሉና በውስጣቸው ያለውን የዘር ጽሑፍ እንዴት እንደሚገለብጡ፣ ከእምነታችን ጋር አያይዘን ልንመለከት እንወዳለን። ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን የዕውቀት ጉጉት ብቻ አይደለም። ይህ ነገር ባለመታወቁ የተጎዱ ሰዎች በመካከላችን ስላሉ ነው፤ ከጎዷቸውም ሰዎች መካከል እኛ ራሳችን እንገኛለን።

የአንዲት እናት ጥያቄ

ከዓመታት በፊት በትንሣኤ ሰሞን፣ በምናገለግልበት ቁምስና ቤት ለመባረክ ስንዞር ከአንዲት እናት ቤት ገባን። ጸሎቱ ተፈጽሞ፣ ቡናው ተጠጥቶ ልንነሣ ስንል ከመጋረጃው ጀርባ የሕፃን ሳቅ ሰማን። እናቲቱ ደነገጠች። መጋረጃው ሲገለጥ ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ አልጋ ላይ ተቀምጣ በገመድ ቁራጭ ትጫወት ነበር። ፊቷ ክብ፣ ዐይኖቿ በስተ ጫፋቸው ወደ ላይ ዘንበል ያሉ፣ አንደበቷም የከበደ ነበር። ሐኪሞች ዳውን ሲንድሮም የሚሉት ሁኔታ ነው። ልጅቱ ከአጥር ግቢ ውጪ ወጥታ አታውቅም፤ ክርስትናም አልተነሣችም ነበር።

አያቷ ከምድጃው አጠገብ ሆነው፣ «የእናቷ በደል ነው፤ እግዜር ያየውን ማን ይሸሽገዋል» አሉ። እናቲቱ ግን ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «አባ፣ ምን በድዬ ነው? ንስሐ የገባሁበትን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠርሁ። ይህን የሚያህል አላገኘሁም» አለችን።

እኛም፣ «ልጄ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ጸልዪ» ብለን ወጣን።

የተናገርነው ቃል ለሌላ ሰውና ለሌላ ጊዜ መልካም ሊሆን ይችላል። በዚያች ቤት ግን መልስ አልነበረም። ዝምታችን የአያቲቱን ፍርድ በካህን ማኅተም ያጸደቀ መሰለ። በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ብዙ ነገር ተምረናል፤ ያን ቀን ያስፈልገን የነበረው ግን ማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሥነ ሕይወት መጽሐፉ የሚያገኘው ትምህርት ነበር። ስለዚህ ያንን ትምህርት ዘግይተንም ቢሆን አብረን እንማር።

ሕዋስ ከሕዋስ ይወለዳል

ሰውነታችን ከሕዋሳት የተሠራ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት የማር እንጀራ የሚመስሉ ትናንሽ ክፍሎችን አየና በላቲን ትንሽ ክፍል ማለት በሆነው ቃል ሰየማቸው። የመነኮሳት በኣትም በምዕራቡ ዓለም በዚሁ ስም ይጠራል። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1855፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮ ማንኛውም ሕዋስ የሚገኘው ከርሱ በፊት ከነበረ ሌላ ሕዋስ መሆኑን አስተማረ። በሰውነታችን ውስጥ ከባዶ የሚጀምር ሕዋስ የለም፤ እያንዳንዱ ሕይወቱን የተቀበለው ከሌላው ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጥቂት እናስብ። እያንዳንዳችን በእናታችን ማኅፀን ስንፀነስ አንድ ሕዋስ ብቻ ነበርን። ያ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እየሆነ ቀጠለ። ያደገ ሰው ዛሬ ወደ 30 ትሪሊዮን የሚጠጉ ሕዋሳት እንዳሉት ይገመታል። ሥራውም በልደት አላበቃም። የአንጀታችን የውስጥ ሽፋን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታደሳል። ቀይ የደም ሕዋሳት 120 ቀን ያህል አገልግለው ይሞታሉ፤ በምትካቸው የአጥንታችን መቅን በየሰከንዱ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ የደም ሕዋሳትን ያወጣል። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር አንብባችሁ እስክትጨርሱ በውስጣችሁ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ፍጥረት ተተክቷል። እናንተ ግን እንደዚያ ገበሬ አላያችሁትም፤ አላዘዛችሁትምም።

ጽሑፉ እንዴት ይገለበጣል?

በእያንዳንዱ ሕዋስ አስኳል ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል እጅግ የቀጠነ ክር አለ። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያለው ክር ተፈትቶ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የተጠቀለለው ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ክፍል በማይበልጥ አስኳል ውስጥ ነው። ዐይናችንና ቆዳችን፣ ደማችንና አጥንታችን እንዴት እንደሚሠሩ የሚያዝዘው መመሪያ በዚህ ክር ላይ ተጽፎአል። ፊደላቱ አራት ብቻ ናቸው፤ ስማቸውም አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን ይባላል። በአራት ፊደላት ከእናት 3 ቢሊዮን፣ ከአባትም 3 ቢሊዮን የሚያህል ጽሑፍ እንቀበላለን።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ፣ ሮዛሊንድ ፍራንክሊንና ሞሪስ ዊልኪንስ በኤክስሬይ ባካሄዱት ጥናት በመታገዝ፣ የዚህን ክር ቅርጽ ለዓለም ገለጡ። እርሱም እንደ ተጠመዘዘ መሰላል ያለ፣ ሁለት ክሮች ትይዩ ሆነው የተጠላለፉበት ነው። በመሰላሉ መወጣጫዎች ላይ አዴኒን ሁልጊዜ ከታይሚን፣ ጉዋኒንም ሁልጊዜ ከሳይቶሲን ጋር ይጣመራል። ሕዋሱ ሊከፋፈል ሲዘጋጅ መሰላሉ ከመካከሉ ይከፈታል። እያንዳንዱ አሮጌ ክርም እንደ ናሙና ሆኖ ተጓዳኙን ፊደል እየጠራ አዲስ ክር ከጎኑ ያሠራል። በመጨረሻ ሁለት ሙሉ መሰላሎች ይገኛሉ። በእያንዳንዳቸው አንዱ ክር አሮጌ፣ ሌላው አዲስ ነው። ማቲው ሜሰልሰንና ፍራንክሊን ስታል እ.ኤ.አ. በ1958 በባክቴሪያ ላይ ባደረጉት ሙከራ ይህንኑ አረጋግጠዋል።

እናቶቻችን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። ለእንጀራ ሊጥ ሲያቦኩ ካለፈው ቡኮ ያስቀሩትን እርሾ ይጨምሩበታል፤ ከአዲሱም ለሚቀጥለው ያስቀራሉ። ስለዚህ ዛሬ በምንቆርሰው እንጀራ ውስጥ የአያቶቻችን እርሾ አለ ብንል ማጋነን አይሆንም። ሕይወትም በእያንዳንዱ ሕዋስ እንዲሁ ትተላለፋለች፤ አሮጌው ሳይጣል፣ አዲሱም ሳይጎድል።

ሥራው ፈጣን ነው፤ ጥንቃቄው ደግሞ ከፍጥነቱ ይበልጣል። በሰው ሕዋስ ውስጥ አንዱ ገልባጭ በየሰከንዱ 50 ያህል ፊደላትን ይገለብጣል። በዚህ ፍጥነት ረጅሙን ክሮሞዞም ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ብቻውን ቢገለብጥ ሁለት ወር ገደማ በፈጀበት ነበር። ነገር ግን ሥራው በብዙ ሺህ ቦታዎች በአንድ ጊዜ ስለሚጀመር ስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ይወስዳል። ገልባጩ በመጀመሪያ ምርጫው ከመቶ ሺህ ፊደላት በአንዱ ያህል ሊሳሳት ይችላል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ለ6 ቢሊዮን ፊደላት ሲታሰብ ግን 60 ሺህ ስሕተት ነው። ስለዚህ ገልባጩ የጻፈውን ወዲያው መለስ ብሎ እያየ የተሳሳተውን ነቅሎ ይተካል። ከእርሱም በኋላ ሌሎች አራሚዎች ተከትለው ያልታየውን ያያሉ። ሁሉም ካለፈ በኋላ የሚቀረው ስሕተት ከአንድ ቢሊዮን ፊደላት አንድ ያህል ነው። ከጊዜ በኋላ የሚደርሰውንም ጉዳት የሚጠግኑ አሉ። የዚህን ጥገና አሠራር የመረመሩት ቶማስ ሊንዳል፣ ፖል ሞድሪችና አዚዝ ሳንጃር እ.ኤ.አ. በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ቀደምት አባቶቻችን ብራና ሲጽፉ አንዱ ይገለብጥ፣ ሌላው ከናሙናው ጋር እያስተያየ ያርም ነበር። ያም ሆኖ በገዳማቱ ካሉት መጻሕፍት ፍጹም ስሕተት የሌለበት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ፊደል የወደቀበት የወንጌል መጽሐፍ ግን ወንጌል መሆኑ አይቀርም፤ ካህኑም ተሳልሞ ያነበዋል። ይህን ቃል ያዙልን፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

ሕዋስ እንዴት ይከፈላል?

ጽሑፉ ከተገለበጠ በኋላ ክፍፍሉ ይከተላል። ጀርመናዊው ዋልተር ፍሌሚንግ ይህን ሥራ በሳላማንደር ሕዋሳት ላይ እየተከታተለ እ.ኤ.አ. በ1882 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል፤ ማይቶሲስ የሚለውን ስም የሰጠውም እርሱ ነው። ረጃጅሞቹ ክሮች ተጠቅልለውና ወፍረው ክሮሞዞም የምንላቸው በትሮች ሆነው ይታያሉ። የሰው ክሮሞዞም ቁጥር 46 መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ ከዚያ በፊት ሊቃውንት 48 ነው ይሉ ነበር። እያንዳንዱ ከቅጂው ጋር ተጣብቆ በሕዋሱ መካከል ይሰለፋል። ከሁለቱ ዳርቻዎች፣ ሊቃውንት በሴቶች መፍተያ አምሳል እንዝርት ብለው የሰየሙት አካል ቀጫጭን ክሮችን ዘርግቶ ይይዛቸዋል። ከዚያም ጥንዶቹን ለያይቶ፣ አንዱን ወደዚህ ሌላውን ወደዚያ ይስባል።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። አንዲት ክሮሞዞም እንኳ በእንዝርቱ ክር ሳትያዝ ከቀረች ሕዋሱ መሳቡን አይጀምርም፤ ቆሞ ይጠብቃታል። የመጨረሻዋ ስትያዝ ብቻ ሁሉም በአንድነት ይለያያሉ፤ ሕዋሱም ሁለት ይሆናል።

የወንድ ዘርና የሴት እንቁላል ሲዘጋጁ ግን ክፍፍሉ ሌላ መልክ አለው፤ ስሙም ሚዮሲስ ይባላል። በዚህ ጊዜ 46ቱ በግማሽ ተከፍለው 23 ይሆናሉ፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ የልጅ ክሮሞዞም በየትውልዱ እጥፍ በሆነ ነበር። የአባት 23 ከእናት 23 ጋር ሲገናኝ እንደገና 46 ይሞላል። የሴት እንቁላል ታሪክ በተለይ ሊታወቅ ይገባዋል። ሴት ልጅ ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች እንቁላሎቿ ክፍፍሉን ይጀምራሉ፤ ነገር ግን በመካከሉ ያቆማሉ። እርሷ ተወልዳ፣ አድጋ፣ እንቁላሉ በወሩ እስኪወጣ ድረስ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት በዚያው ይጠብቃል። እንግዲህ እያንዳንዳችን የተገኘንባት እንቁላል የተዘጋጀችው እናታችን በአያታችን ማኅፀን ሳለች ነው።

ክፍፍሉ ሳይሟላ ሲቀር

ክሮሞዞሞችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የያዘው ማሰሪያ በዚህ ረጅም የጥበቃ ዘመን ይደክማል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ በቁጥር 21 የሚታወቁት ሁለቱ ታናናሽ ክሮሞዞሞች ሳይለያዩ አብረው ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ። ያ እንቁላል ከአባት ዘር ጋር ሲገናኝ 46 መሆን የነበረበት ቁጥር 47 ይሆናል። ዳውን ሲንድሮም የሚባለው ሁኔታ መነሻው ይህ ነው። አልፎ አልፎም ስሕተቱ በአባት ዘር በኩል ይደርሳል። በዓለም ላይ በሕይወት ከሚወለዱ ከ700 እስከ 1000 ከሚደርሱ ሕፃናት መካከል አንዱ እንዲህ ይወለዳል። የእናት ዕድሜ ሲጨምር የሚያጋጥመው መጠን ይጨምራል፤ በ40 ዓመት ዕድሜ ከመቶ ልደት አንድ ያህል ይደርሳል። ሆኖም ወጣት እናቶች ብዙ ስለሚወልዱ፣ ከእነርሱም የሚወለዱት ጥቂቶች አይደሉም። በባለጠጋውም በድኻውም፣ በሚጸልየውም በማይጸልየውም ቤት ይወለዳሉ።

ይህን ምክንያት ያወቁት በፓሪስ የሚሠሩት ሬይሞን ቱርፐን፣ ማርት ጎቲዬና ጄሮም ለዠን ናቸው። የሕፃናቱን ሕዋሳት የማሳደጉን ከባድ ሥራ ያቋቋመችው ሐኪም ጎቲዬ ነበረች፤ ግኝታቸውም እ.ኤ.አ. በ1959 ታተመ። ከሦስቱ መካከል ካቶሊካዊው ለዠን ዘመኑን ሁሉ እነዚህን ልጆች ሲያክምና ስለ ክብራቸው ሲሟገት ኖረ። ግኝቱ ሕፃናቱን ለመፈወስ እንዲረዳ ሲመኝ፣ ሳይወለዱ ለይቶ ለማስወገድ ሲውል በማየቱ እጅግ ያዝን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የጳጳሳዊ የሕይወት አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ፤ በዚያው ዓመት በትንሣኤ ዕለት ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ2021 ብፁዕነቱ ወደሚታወጅበት ደረጃ የሚያደርሰውን የክቡርነት ማዕረግ ሰጥታዋለች።

ከመቶ 95 በሚያህሉት ሁኔታው እንዲህ በክፍፍል ጊዜ በድንገት የሚደርስ ነው። በጥቂቶች ዘንድ ግን ከወላጅ ሊተላለፍ ስለሚችል ሐኪምን ማማከር ይገባል። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ እናት በእርግዝናዋ ወራት የበላችው፣ ያየችው፣ የፈራችው ወይም የሠራችው ሥራ ይህን አያመጣም። እርግማን አያመጣውም፤ ዛርም አያመጣውም። ገና ከመፀነስ በፊት፣ ማንም ሳያውቀው፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ በማይበልጥ ሕዋስ ውስጥ የተፈጸመ ነገር ነው።

የጌታ መልስ

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 መጀመሪያ ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው አይተው፣ በደሉ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጌታን ጠየቁ። ጥያቄያቸው ከአያቲቱ ፍርድ አይለይም፤ በደለኛ መኖሩን አስቀድመው ወስነዋል፤ የቀራቸው ስሙን ማወቅ ብቻ ነበር። ጌታ ግን ሁለቱንም ከክሱ ነጻ አወጣ። በዚህ ሰው የእግዚአብሔር ሥራ ሊገለጥ ነው ብሎም ወደ ሰውየው ተጠጋ፤ ዳሰሰው። የጌታ መልስ በቃል ተጀምሮ በእጅ ሥራ ተፈጸመ። እኛ ግን በዚያች ቤት ቃላችንን ብቻ ተናግረን ወጣን።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ «ሁሉንም ሕዋስ የሚሠራው ከሆነ የእግዚአብሔር ድርሻ ምኑ ላይ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በየትምህርት ቤቱ ያሉ ወጣቶቻችንም ካቴኪስቶችን እንዲህ ይጠይቃሉ። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ እንዳስተማረው፣ እግዚአብሔር ለፍጥረታት ህልውናን ብቻ ሳይሆን ራሳቸው ምክንያት ሆነው የመሥራትን ክብርም ሰጥቷቸዋል። የሕዋሱ ሥራ የእግዚአብሔርን ሥራ አይሽረውም፤ እግዚአብሔር በሕዋሱ ይሠራል እንጂ። የዘር ውርስን ሕግ መጀመሪያ ያገኘው ጎርጎርዮስ ሜንደል የአውጉስጢኖሳውያን መነኩሴ እንደነበረ ለወጣቶቻችን እናስታውሳቸው። በብሩን ከተማ ገዳም አትክልት ቦታ አተር እየዘራ ያገኘውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1865 ሲያቀርብ፣ ምርምሩ ከጸሎቱ አላጣላውም።

ሌላው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል፤ እግዚአብሔር ሕዋሱን እንዲህ በጥንቃቄ ከሠራው፣ ስሕተቱን ስለምን ፈቀደ? ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ አለን ብንል ያችን እናት ሁለተኛ ማታለል ይሆናል። የምናውቀው ግን አለ። የምንኖርበት ፍጥረት ገና በመንገድ ላይ ያለና በምጥ የሚቃትት እንደሆነ ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 8 ያስተምረናል። ክርስቶስም ሥጋችንን ሲለብስ የሚደክም፣ የሚቆስልና የሚሞት ሕዋስ ያለውን ሥጋ ነው የለበሰው። ከክሮሞዞሞች መለያየት ላይ ስሕተት ደርሶአል ማለት ይቻላል፤ ከዚያ የተወለደችው ልጅ ግን ስሕተት ናት ማለት ፈጽሞ አይቻልም። ነፍሷን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ የተፈጠረችውም በአርአያው ነው። ፊደል የወደቀበት ወንጌል ወንጌል መሆኑ ካልቀረ፣ አንድ ክሮሞዞም የበዛባት የእግዚአብሔር ልጅማ እንዴት አብልጣ አትከበር?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለወላጆች በመጀመሪያ የምንለው ይህ ነው፦ ልጆቻችሁን አትሸሽጉ፤ ክርስትናም ለማስነሣት አትዘግዩ። ወደ ሕክምናም ውሰዷቸው። ከእነዚህ ሕፃናት ግማሽ የሚያህሉት ከልባቸው ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ የመስማት፣ የማየትና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ያጋጥማቸዋል፤ ብዙው በጊዜ ከታወቀ ይረዳል። በኢኮኖሚ በበለጸጉ አገሮች በ1980ዎቹ አማካይ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ገደማ የነበረ ሲሆን፣ ሕክምናና እንክብካቤ በመሻሻሉ ዛሬ ወደ 60 ደርሶአል። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብሩ የሚለን የሐኪሙም ጥበብ ከእግዚአብሔር ስለሆነ ነው።

ለእናንተ ለካቴኪስቶች ደግሞ፤ በሰፈራችሁ ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ልጅ መኖሩን ከማንም አስቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እነዚህ ልጆች በዝግታ ይማራሉ እንጂ አይማሩም አትበሉ። ትምህርቱን አሳጥሩ፤ በመዝሙር፣ በሥዕልና በእጅ ሥራ ደጋግሙላቸው፤ ከሌሎች ሕፃናትም ጋር አስቀምጧቸው። ቅዱስ ጲዮስ 10ኛ እ.ኤ.አ. በ1910 ሕፃናት በጨቅላ ዕድሜያቸው ወደ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀርቡ ሲፈቅዱ ብዙ ዕውቀት አልጠየቁም፤ ቅዱስ ቁርባንን ከተራ እንጀራ መለየት እንዲችሉ ነው የጠየቁት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የትምህርተ ክርስቶስ መመሪያም አካል ጉዳተኞችን ከምሥጢራት ማንም ሊከለክላቸው እንደማይችል ያስተምራል።

ለሁላችን ምእመናን፤ በአነጋገራችን እንጠንቀቅ። ለቅሶ ቤትና ቡና ላይ የምንጥለው አንድ ቃል አንዲትን እናት ለዓመታት በር ያስዘጋባታል። ቅዱስ ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 የደከሙ የሚመስሉት የአካል ክፍሎች ይበልጥ አስፈላጊ መሆናቸውን ያስተምራል። አንዲት ክሮሞዞም ሳትያዝ እንዳትቀር ሕዋስ እንኳ ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የክርስቶስ አካል የሆነች ቤተ ክርስቲያን አንዲት ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ ትታ እንዴት ቅዳሴዋን ትጀምራለች?

ወደዚያች ቤት ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለስን። ዘግይተን መምጣታችንን ተናዘን፤ ከዚህ በላይ የጻፍነውንም በእርሾውና በእንዝርቱ እየመሰልን አስረዳናቸው። እናቲቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም፣ «አባ፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ ይህን የሚነግረኝ አጣሁ ማለት ነው?» አለችን። ምንም ልንመልስላት አልቻልንም። አያቲቱ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላመኑንም። ነገር ግን ልጅቱ ክርስትና በተነሣችበት እሑድ ነጭ ልብሷን ያለበሷት እርሳቸው ናቸው፤ እጇንም ይዘው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በእግራቸው አመጧት።

በማኅፀን ስውር የሠራን፣ ስንተኛም ስንነቃም በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ሕይወትን የሚያድስ እግዚአብሔር፣ ከዐይናችን መጋረጃውን ያንሣልን፤ የሸሸግናቸውን ልጆቹን ወደ ማዕዱ እንድናቀርብም ጸጋውን ይስጠን። አሜን።